በቅጠሉ ብብት ውስጥ

መስኮቴ ላይ አንዲት አተር አለች። ዘሯን ራሴ ነኝ የዘራሁት። ለሳምንታት ሥራዋ ወደ ላይ መውጣት ብቻ ነበር። አንድ ግንድ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ብርሃኑ። ቅርንጫፍ የሚባል ነገር የላትም። አንድ ቀን ጠዋት ጫፏን በጥፍሬ ቀነጠስኩት። አስቤበት ነው። ቀጥሎ የሚሆነውን በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነበር።

አተርን ቀረብ ብሎ ላያት፣ ቅጠሏ ከግንዱ በሚነሳበት ቦታ ሁለት ሰፋፊ፣ ጆሮ የሚመስሉ ነገሮች ግንዱን ከግራና ከቀኝ አቅፈውት ይታያሉ። በጣት ቀስ ብለው ገለጥ ሲያደርጓቸው ከውስጥ አንዲት አረንጓዴ ጉብታ አለች። ከስፒል ራስ አትበልጥም። እንቡጧ እሷ ናት። ተመራማሪዎች ይህን ቦታ የቅጠል ብብት ይሉታል። የላቲኑም ቃል ያው ብብት ማለት ነው፤ ክንድ ከገላ የሚገናኝበት ጥግ።

እንቡጧ ትንሽ ትምሰል እንጂ በውስጧ ሙሉ ቅርንጫፍ ተጣጥፎ ተቀምጧል። የራሷ ማደጊያ ጫፍ አላት። የራሷ ጥቃቅን ቅጠሎች አሏት። ይህ ደግሞ በአንድ ቅጠል ብብት ብቻ አይደለም፤ በየቅጠሉ ነው። አንድ ትልቅ ዛፍ ላይ ስንት ቅጠል እንዳለ አስቡት። ሁሉም እንቡጥ በአንድ ጊዜ ልውጣ ቢል ዛፍ የሚባል ቅርጽ አይኖርም ነበር።

በማግስቱ በማጉያ መነጽር ሳያት አብጣለች። በሦስተኛው ቀን ጆሮዎቹን ገፍታ ብቅ አለች። በሳምንቱ የጣት አንጓ አክላለች። ለሳምንታት ንቅንቅ ያላለች እንቡጥ!

እንደዚህ ያሉትን በልማድ «የተኙ እንቡጦች» እንላቸዋለን። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። አሁን ግን ቃሉ አይዋጥልኝም። የተኛ ሰው የሚቀሰቅሰው ይፈልጋል። እኔ ግን ማንንም አልቀሰቀስኩም። ያደረግኩት ነገር ቢኖር ጫፉን ማንሳት ብቻ ነው። እንቡጧ ተኝታ አልነበረም፤ ተይዛ ነበር። ታዲያ የያዛት ማን ነው?

ትምህርት ቤት የተማርኩት መልስ አጭር ነበር። የግንዱ ጫፍ ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ይሠራል፣ ሆርሞኑ ወደ ታች ይወርዳል፣ የጎን እንቡጦችን ያፍናል። ጫፉ ሲቆረጥ ኦክሲኑ ይቋረጣል፣ እንቡጦቹም ነፃ ይወጣሉ። አለቀ። ለፈተና ይህን ጽፌ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ።

መልሱ ከሜዳ የተነሳ አልነበረም። በፈረንጆቹ 1933 ኬኔት ቲማን እና ፎልኬ ስኩግ የባቄላን ጫፍ ቆርጠው በቁስሉ ላይ ኦክሲን አደረጉበት። ጫፉ የለም፣ እንቡጦቹ ግን አልወጡም። ኦክሲኑ ጫፉን ተክቶ ሠራ ማለት ነው። ሙከራው ያምራል። ዛሬም ማንም ቢደግመው ይሠራል።

ግን አንድ ነገር አልገጠመም። በኋላ ተመራማሪዎች ኦክሲን ላይ መከታተያ ምልክት አድርገው ጉዞውን ሲከታተሉት፣ ሆርሞኑ በዋናው ግንድ ውስጥ ቁልቁል ያልፋል እንጂ እንቡጡ ውስጥ ገብቶ አይሠራም። ደጃፉን አልፎ ይሄዳል። እንቡጡን የሚያፍነው ኦክሲን ከሆነ፣ ቤቱ ሳይገባ እንዴት ያፍነዋል? በመሃል መልእክተኛ ሊኖር ይገባል። አንዱ ሳይቶካይኒን ሆኖ ተገኘ። ይህ ሆርሞን እንቡጥን የሚያነሳሳ ነው፤ ኦክሲን ደግሞ ምርቱን ይቀንሰዋል። ጥሩ፣ ግን ይህ ብቻውን ነገሩን አልዘጋውም። አንድ የጎደለ ነገር ነበር። ለአሥርት ዓመታትም ጎድሎ ቆየ።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የኔን ልብ የያዘው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? የጎደለው ነገር የተገኘው ቃል በቃል ከሥር ነው።

አተር ውስጥ አንዳንድ እምቢተኛ ተክሎች አሉ። ጫፋቸው ሳይቆረጥ፣ ማንም ሳይነካቸው፣ ከየብብቱ ቅርንጫፍ ያወጣሉ። ቁጥቋጦ ይመስላሉ። አንድ ጂን የተበላሸባቸው ናቸው። ስማቸው ራሞሰስ ነው፤ በላቲን «ባለ ብዙ ቅርንጫፍ» ማለት ነው። ከ1 እስከ 5 ቁጥር የተሰጣቸው አሉ። አውስትራሊያ ውስጥ ክሪስቲን ቤቨሪጅና ባልደረቦቿ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ካትሪን ራሞና ባልደረቦቿ በእነዚህ አተሮች ላይ ዓመታት አሳልፈዋል።

ዘዴው ቀላል ነው። ምላጭና ትዕግሥት ይበቃል። ገና ቀጭን የሆነ የአተር ቡቃያ ይወስዱና ግንዱን ይቆርጡታል። ሥር ያለውን ግማሽ መሃሉን ሰንጠቅ ያደርጉታል። የሌላውን አተር ላይኛ ግማሽ እንደ ሽብልቅ ቀርጸው በስንጥቁ ያስገቡታል። ሁለቱ ቁስሎች ፊት ለፊት ተያይተው እንዲቆዩ በትንሽ ቱቦ ይደግፉታል። በእርጥበት ውስጥ ያቆዩታል። ከቀናት በኋላ ሁለቱ አተሮች አንድ ተክል ይሆናሉ። የአንዱ ሥር፣ የሌላው ግንድ።

አሁን የቁጥቋጦውን አተር ግንድ፣ ማለትም የራሞሰስ 1ን፣ በጤነኛ አተር ሥር ላይ አጣብቁት። ግንዱ ጂኑ አሁንም የተበላሸ ነው፤ አንድም ነገር አልተለወጠበትም። ነገር ግን ቅርንጫፍ ማውጣቱን ያቆማል። እንደ ጤነኛው ቀጥ ብሎ ያድጋል። ከሥሩ አንድ ነገር ወጥቶ እንቡጦቹን «ቆዩ» ብሏቸዋል። ያውም ትንሽ ነው የሚበቃው፤ በመሃል ላይ አጭር የጤነኛ ግንድ ቁራጭ ብቻ ቢገባ እንኳ ከቁራጩ በላይ ያለውን ክፍል ያረጋጋዋል።

ራሞሰስ 4ን በተመሳሳይ መንገድ ስታጣብቁት ግን ምንም አይለወጥም። ከጤነኛ ሥር ላይ ሆኖም ቁጥቋጦ ነው። ይህ የመጀመሪያውን ያህል ደንቆኛል። አንደኛው አተር መልእክቱን መሥራት ያቃተው ነው፤ ሲያገኝ ይታዘዛል። ሌላኛው መልእክቱ ይደርሰዋል፣ መስማት ግን አይችልም። አንድም ሞለኪውል ሳይታይ፣ ኬሚካሉ ምን እንደሆነ ማንም ሳያውቅ፣ በምላጭ ብቻ «ይህ ጂን የሚናገር ነው፣ ያ ጂን የሚሰማ ነው» ማለት ተቻለ። እንዲህ ያለ ንጹሕ አስተሳሰብ ሳይ ውስጤ ደስ ይለዋል።

በዚያው ሰሞን ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ተመሳሳይ እምቢተኞችን በሌሎች ተክሎች ላይ አገኙ። ቤተ ሙከራ ውስጥ በሚዘወተረው ትንሽ ተክል በአራቢዶፕሲስ፣ በሩዝ፣ በፔቱኒያ አበባ። ስማቸው ይለያያል፣ ጂኖቹ ግን የአንድ ቤተሰብ ልጆች ሆነው ተገኙ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ካሮትን ብርቱካናማ ከሚያደርገው የቀለም ቤተሰብ፣ ከካሮቲኖይድ፣ አንዱን ሞለኪውል የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን ይሠራሉ። ስለዚህ የማይታወቀው መልእክተኛ ከካሮቲኖይድ ቁራጭ የሚወለድ ነው። እስከዚህ ተደረሰ። ስሙ ግን አልታወቀም።

ስሙ የመጣው ማንም ካልጠበቀው አቅጣጫ ነው፤ ከአረም።

አቀንጭራን የሚያውቅ ያውቃታል። የማሽላና የበቆሎ ጠላት ናት። ስሟ ራሱ መቀንጨርን ያስታውሳል። ዘሯ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፣ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ዝም ብሎ አይበቅልም። ከበቀለ በኋላ በቀናት ውስጥ የሌላ ተክል ሥር ካላገኘ ይሞታልና። ስለዚህ ከሥር የሚመነጭ ጠረን እስኪደርሰው ይጠብቃል። ያ ጠረን በ1966 ከጥጥ ሥር ፈሳሽ ተለይቶ ወጣ። ከአቀንጭራ የሳይንስ ስም፣ ከስትሪጋ፣ ስትሪጎል ተባለ። ወንድሞቹ እየተገኙ ሲመጡ ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ ስትሪጎላክቶን የሚል ስም ያዘ።

ግን ተክል ለጠላቱ ለምን ጥሪ ይልካል? ይህ ጥያቄ ወደ አርባ ዓመት ገደማ ቆየ። በ2005 ጃፓን ውስጥ ኮህኪ አኪያማና ባልደረቦቹ መልሱን አገኙ። ጥሪው ለአቀንጭራ አልነበረም። ለወዳጅ ነበር። ከሥር ጋር ተጣምረው የሚኖሩ ፈንገሶች አሉ፤ ከአፈር ፎስፈረስ ለቅመው ለተክሉ ይሰጣሉ፣ በምላሹ ስኳር ይወስዳሉ። ስትሪጎላክቶን ሲደርሳቸው ክሮቻቸው ይቀሰቀሱና ወደ ሥሩ ይዘረጋሉ። አቀንጭራ በሌላው ደብዳቤ ላይ ጆሮ ጣል ያደረገች ሌባ ናት።

ከዚያ 2008 መጣ። በአንድ መጽሔት፣ ጎን ለጎን፣ ሁለት ጥናቶች ወጡ። አንዱ በፈረንሳይ የተመራ በአተር ላይ፣ ሌላው በጃፓን የተመራ በሩዝ ላይ። የቁጥቋጦዎቹ ሥር ስትሪጎላክቶን አይሠራም። ከውጭ ሲሰጣቸው ደግሞ ቅርንጫፍ ማውጣቱ ይቆማል። መስማት የማይችለው ራሞሰስ 4 ግን ሲሰጠውም ምንም አይለወጥም። ከምላጩ ሙከራ የተነበየው ሁሉ አንድ በአንድ ገጠመ።

ቆም ብዬ የማስበው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሞለኪውል፣ ሁለት ደብዳቤ። ከሥር ወደ ውጭ ሲወጣ ለፈንገሱ «ና፣ ርቦኛል» ይላል። ከሥር ወደ ላይ ሲወጣ ለእንቡጦቹ «ቆዩ፣ አሁን የምናካፍላችሁ የለም» ይላል። አፈሩ ፎስፈረስ ሲያንሰው ተክሉ ስትሪጎላክቶን ያበዛል። ሁለቱም ደብዳቤዎች በአንድ ምት ይጻፋሉ። እርዳታ ይጠራል፣ ወጪም ይቀንሳል። በችግር ቀን ቤተሰብ የሚያደርገውም ከዚህ ብዙ አይለይም።

የማሽላ አዳቃዩ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ፣ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት፣ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ማሽላዎችን ያወጡት ይህን ጥሪ ተከትለው ነው። የሚቋቋሙት ማሽላዎች ዋና ሚስጥር የተገለጠው በ2017 ነው፤ አንድ ጂን ጎድሎባቸው ሥራቸው የሚያመነጨው ስትሪጎላክቶን ዓይነቱ ተቀይሯል። አቀንጭራ ይህኛውን እንደ ወትሮው አትሰማውም። ተክሉ ዝም አላለም፤ ቋንቋ ቀየረ እንጂ።

እንቡጡ ደብዳቤውን የሚያነብበት መንገድም የራሱ ጉድ አለው። ዲ14 የሚባል ፕሮቲን ስትሪጎላክቶኑን ይቀበላል፣ ሲቀበለውም ሰባብሮ ይበላዋል። ደብዳቤውን አንብቦ የሚቀድ አንባቢ ማለት ነው። ከዚያ ዲ14 ዲ3 ከሚባለው ጋር ሆኖ ዲ53 የተባለውን ሌላ ፕሮቲን ለጥፋት አሳልፎ ይሰጠዋል። ዲ53 ሥራው የስትሪጎላክቶንን ትእዛዝ ማፈን ነው። አፋኙ ሲጠፋ ትእዛዙ ይፈጸማል። ራሞሰስ 4 የማይሰማው ለምን እንደሆነም ታወቀ፤ የተበላሸበት ጂን የአተሩ ዲ3 ነው።

የትእዛዙ መጨረሻ ብዙ ጊዜ አንድ ጂን ጋ ያርፋል። በአራቢዶፕሲስ ቢአርሲ1 ይባላል። እንቡጡ ውስጥ ሆኖ «አትውጣ» የሚለው እሱ ነው። ይህ ጂን ግን ከቤተ ሙከራው በፊት ሌላ ታሪክ ነበረው። በቆሎ ውስጥ ያለው ወንድሙ የሰውን ልጅ ማዕድ ቀይሯል።

የበቆሎ የዱር አባት ቴኦሲንቴ የሚባል የሜክሲኮ ሣር ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታዩአቸው ዘመዳሞች ናቸው ለማለት ትቸገራላችሁ። በቆሎ አንድ ወፍራም አገዳ አለው፤ ጎኑ ላይ አንድ ወይም ሁለት ትልልቅ ራሶች። ቴኦሲንቴ ከየብብቱ ረጃጅም ቅርንጫፍ አውጥቶ ጥቃቅን፣ በጠንካራ ቅርፊት የተሸፈኑ ፍሬዎችን ይበትናል። ጆርጅ ቢድል፣ በሌላ ሥራው የኖቤል ሽልማት ያገኘው፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ በቆሎ ከቴኦሲንቴ ነው የመጣው ሲል ኖሯል። ጡረታ ከወጣ በኋላ ሁለቱን አዳቅሎ 50,000 ገደማ የልጅ ልጅ ተክሎችን አበቀለ። ከ500 ያህሉ አንዱ እንደ አንደኛው አያቱ ሆኖ ወጣ። ዋና ዋና ለውጦቹ ከአራት ወይም ከአምስት ጂኖች አይበልጡም ማለት ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ልዩነቶች ያስፈልጋሉ ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ አስደንጋጭ ነው።

ከእነዚያ አንዱን ጆን ዶብሊ በ1997 ለየው። ቲቢ1 ይባላል። ይህ ጂን ሲጠፋ በቆሎ እንደ ገና ቁጥቋጦ ይሆናል፤ የአባቱን ቅርጽ ይይዛል።

አርሶ አደሮቹ ከዛሬ 9,000 ዓመት ገደማ በፊት አዲስ ጂን አላገኙም። ቴኦሲንቴም ቲቢ1 አለው። የተለወጠው ጂኑ የሚናገርበት የድምፅ ከፍታ ነው። በ2011 እንደታወቀው፣ ከጂኑ 60 ሺህ ያህል የዲኤንኤ ፊደላት ርቆ፣ ሆፕስኮች የሚባል ዘላይ የዲኤንኤ ቁራጭ ገብቷል። ይህ ቁራጭ ቲቢ1ን በእጥፍ ገደማ ያስጮኸዋል። ቁራጩ የገባው ደግሞ ሰው በቆሎን ከማልመዱ ቢያንስ 10,000 ዓመት ቀድሞ ነው። በዱር ሣር መካከል፣ ማንም ሳያስተውለው፣ ለብዙ ትውልድ ሲተላለፍ ቆይቷል። ከዚያ አንድ ሰው፣ ቁጥብ ቅርንጫፍና ለመልቀም የሚመች ራስ ያለውን ተክል አይቶ ዘሩን አስቀመጠ። ያን ሰው ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር። የብብት እንቡጥን «እምቢ» ማለት ዋጋ ያየ የመጀመሪያው ሰው ነው።

ሩዝ ላይም ተመሳሳይ ሐሳብ ተመልሶ መጥቷል። ድሮ ሩዝ ከሥሩ ብዙ ካቆጠቆጠ ጥሩ ነው ይባል ነበር። ነገር ግን ካቆጠቆጡት ብዙዎቹ ዛላ ሳይዙ ይቀራሉ፤ ውሃና ምግብ በልተው ባዶ ይቆማሉ። በ2010 የተገለጸው አይፒኤ1 የተባለ ጂን አንድ ዓይነቱ ሩዝን ጥቂት ግን ጠንካራ ግንድና ትልቅ ዛላ እንዲይዝ ያደርገዋል። እኔ በግሌ ይህን መንገድ እወደዋለሁ። ብዛት ብቻውን ምርት አይሆንም።

አሁን ወደ አተሬ ልመለስ። ጫፉን ስቀነጥስ ኦክሲን ተቋረጠ፣ ከዚያ እንቡጧ ወጣች ነበር የምለው። በ2014 የቤቨሪጅ ቡድን ይህን ቅደም ተከተል አናጋው። ኦክሲን በግንድ ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚጓዘው፤ በሰዓት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ። በካሜራ ሲከታተሉ ግን ከቁስሉ ርቃ ያለች እንቡጥ የኦክሲን ማነስ ሊደርሳት ከሚችልበት ሰዓት ቀድማ ማደግ ጀመረች። ዜናውን በሌላ መንገድ ሰምታለች። ዜናው ስኳር ነበር። የሚያድግ ጫፍ የስኳር ሆዳም ነው፤ ከቅጠሎች የሚመጣውን ወደ ራሱ ይስባል። ሲቆረጥ ያ ስኳር በፍጥነት ወደ እንቡጦቹ ይዞራል። ጫፋቸው ላልተቆረጠ አተሮች እንኳ ስኳር ሲጨመርላቸው እንቡጦች ተነሱ። ኦክሲን ከጨዋታ አልወጣም፤ እንቡጧ ከተነሳች በኋላ ትቀጥል አትቀጥል የሚለው ላይ አሁንም ትልቅ ድምፅ አለው። የመጀመሪያው ቃል ግን የሱ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ለፈተናው የጻፍኩት መልስ ውሸት አልነበረም። ጎደሎ ነበር። የተማርኩበት መጽሐፍ ነገሩን እንደተዘጋ አድርጎ ማቅረቡ ግን ዛሬም ያንገበግበኛል። አንዲት ልጅ ወይም አንድ ልጅ «ኦክሲኑ እንቡጡ ውስጥ ካልገባ ታዲያ እንዴት?» ብሎ እንዲጠይቅ በሩ ክፍት ቢሆን ኖሮ ስንት ደስታ ነበር።

ብርሃኑም ድርሻ አለው። ተክል በጎረቤት ቅጠል ጥላ ሥር ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ቀዩ ተለቅሞ የተወሰደበት ነው። ተክሉ ይህን ይለያል፤ ቅርንጫፍ ትቶ ወደ ላይ ይሮጣል። የኔዋ አተር መስኮቱን ለብቻዋ ስለያዘች ይህ አላስጨነቃትም።

ከቀነጠስኳት ወዲህ ሦስት ሳምንት ሆኗል። መጀመሪያ ላይ አንድ እንቡጥ ብቻ አልነበረም የተነሳው። ከሥሩ ባለው ቅጠል ብብት ሁለተኛ እንቡጥ ተከትሏት ነበር። ለአራት ቀን ያህል እኩል እኩል ሄዱ። ከዚያ ላይኛዋ ቀደመች። ዛሬ ጠዋት በማጉያው አየኋቸው። ላይኛዋ አራት ቅጠል ዘርግታ፣ ጫፏን ወደ መስታወቱ አዘንብላ፣ አዲስ ግንድ ሆናለች። ታችኛዋ የሩዝ ፍሬ ካከለች በኋላ ቆማለች። አልደረቀችም፣ አልጠወለገችም፤ አረንጓዴ ናት። ጆሮዎቹን መልሼ በላይዋ ላይ ገጠምኩላት።